ዊንዶውስን ሳያጠፉ ኡቡንቱን መጫን፦ ከቡት ማናጀር እስከ ኮድ መጻፊያ

ጅማ ላይ ቴክኖሎጂ የሚማር ልጅ አንድ ቀን "ሊኑክስ ጫን" መባሉ አይቀርም። ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያላችሁም ሆናችሁ ፈረንጅ አራዳ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ኮድ የምትማሩ፣ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ ዊንዶውሴ ሳይነካ ኡቡንቱን (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን) እንዴት ልጫን? ብዙ ሰው ላፕቶፑን ተሸክሞ ጥገና ቤት ይሄዳል። አያስፈልግም። በራስ እጅ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ስራ ነው። ፋይል የሚጠፋው ስራው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ዝግጅቱ ስለሚዘለል ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

የምንጭነው ኡቡንቱ 24.04ን ነው። በፈረንጆቹ 2024 የወጣ ሲሆን እስከ 2029 ድረስ የደህንነት ማሻሻያ በነጻ ያገኛል። ትእዛዞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ እናንተ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትናንሾቹ ትጽፏቸዋላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ባክአፕ ያዙ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ያለቀ ፕሮጀክት፣ ሁሉንም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። በዚያው ላፕቶፕ ዲ ድራይቭ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ባክአፕ አይባልም።

ቀጥሎ መብራት። ባትሪው የሞተ፣ ቻርጀር ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ላፕቶፕ ካላችሁ ዲስክ እየተከፋፈለ መብራት ቢሄድ ጉዳት ይደርስባችኋል። ደመናው ጠቁሮ ሳለ አትጀምሩ። ዩፒኤስ ወይም ጄኔሬተር ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ስሩት። ባትሪያችሁ ደህና ከሆነ ሙሉ አድርጋችሁ ሞልታችሁ፣ ቻርጀሩንም ሰክታችሁ ጀምሩ።

አሁን ዊንዶውስ ውስጥ ሦስት ነገር እናያለን።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ የሚነሳበት መንገድ። የፍለጋ ሳጥኑ ላይ "ሲስተም ኢንፎርሜሽን" ብላችሁ ፈልጉና "ባዮስ ሞድ" የሚለውን መስመር ተመልከቱ። "ዩኢኤፍአይ" ካለ አዲሱ መንገድ ነው፤ "ሌጋሲ" ካለ የድሮው። ኡቡንቱም ዊንዶውስ በተጫነበት መንገድ መጫን አለበት። ሁለቱ ከተለያዩ ላፕቶፑ ሲነሳ በሚመጣው መምረጫ ገጽ ላይ አብረው አይመጡላችሁም።

ሁለተኛ፣ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው ዲስኩ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ። ከተቆለፈ መጀመሪያ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ምስጠራውን አጥፉና እስኪጨርስ ጠብቁ። ያ ቁጥር ከሌላችሁ እና ዊንዶውስ ከጠየቃችሁ፣ ፋይላችሁን የሚያወጣላችሁ ጥገና ቤት የለም።

ሦስተኛ፣ "ፋስት ስታርትአፕ"። ይህ ሲበራ ዊንዶውስ "ሻት ዳውን" ብትሉትም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ግማሹን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ኡቡንቱ የዊንዶውስን ድራይቭ ሲከፍት ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድለትም። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የፓወር ቁልፉ ምን እንደሚሰራ የሚመረጥበት ገጽ ውስጥ ግቡና ምልክቱን አንሱ።

ቦታ መቁረጥ

ስታርት ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጉና "ዲስክ ማኔጅመንት"ን ክፈቱ። ከታች ዲስካችሁ በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ ይታያል። ሲ የሚለው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ "ሽሪንክ ቮልዩም" በሉ። የሚቆረጠውን መጠን በሜጋባይት ይጠይቃችኋል። 60 ጊጋባይት ከፈለጋችሁ 61440 ጻፉ። ኡቡንቱ 25 ጊጋባይት ይበቃዋል ይባላል፤ ለኮድ ለሚጠቀም ሰው ግን ይጠብበዋል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ከገባማ ወዲያው ይሞላል። እኔ ከ60 በታች አልመክርም።

ስትጨርሱ "አንአሎኬትድ" የሚል ባለ ጥቁር መስመር ሳጥን ይመጣል። እንደዚያው ተዉት። ፎርማት አታድርጉት፣ ስምም አትስጡት። እዚያው ጎን ያለውን 100 ወይም 260 ሜጋባይት የሚያህል ትንሽ ሳጥን ደግሞ በፍጹም አትንኩ። ቡት ማናጀሮቹ (ሲስተሞቹን የሚያስነሱት ትንንሽ ፕሮግራሞች) የሚቀመጡት እሱ ውስጥ ነው። "ባዶ ቦታ ነው" ብሎ ያጠፋው ሰው ዊንዶውሱ አይነሳለትም።

ፍላሹን ማዘጋጀት

የኡቡንቱ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። በሞባይል ፓኬጅ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። አንድ ሰው ዋይፋይ ካለበት አውርዶ ለጓደኞቹ ቢያካፍል ይሻላል። ግን ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ሳይጎድል አይቀርምና መፈተሽ ግድ ነው። ፓወርሼል (የዊንዶውስ ተርሚናል) ላይ "ጌት-ፋይልሃሽ" ብላችሁ የፋይሉን ስም አስከትሉ። የሚወጣው ረጅም ኮድ ኡቡንቱ ድረ ገጹ ላይ ካስቀመጠው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉን ጣሉት።

8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያዙ። ሩፈስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፋይሉን ምረጡ። ቅድም "ዩኢኤፍአይ" ካያችሁ "ጂፒቲ"፣ "ሌጋሲ" ካያችሁ "ኤምቢአር" በሉና ስታርት። ፍላሹ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ብዙ ጓደኛ የምትረዱ ከሆነ ከሩፈስ ይልቅ ቬንቶይ ይመቻል። አንዴ ፍላሹን ካዘጋጀ በኋላ የኡቡንቱ፣ የሚንት፣ የዊንዶውስ ፋይሎችን እንደ ማንኛውም ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ታኖሩበታላችሁ፤ ሲነሳ የቱን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል።

ከፍላሽ ማስነሳት

ፍላሹን ሰክታችሁ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩ። ወዲያው የቡት ቁልፉን ደጋግማችሁ ንኩ። ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው። ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ አሱስ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ ኤስኬፕ። ኤሰር ላይም ኤፍ 12 ቢሆንም መጀመሪያ ኤፍ 2 ገብታችሁ መፍቀድ ሊኖርባችሁ ይችላል። "ሴኪዩር ቡት"ን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ኡቡንቱ ከእሱ ጋር ይሰራል።

ኡቡንቱ ሲመጣ መጀመሪያ "ትራይ" በሉና ሞክሩት። ዋይፋዩ ይሰራል? ድምፁስ? ስክሪኑ? ዋይፋዩ ካልታየ ተስፋ አትቁረጡ። ስልካችሁን በኬብል አገናኙና "ዩኤስቢ ቴዘሪንግ" አብሩ፤ ኔትወርክ ታገኛላችሁ። ድራይቨሩን በዚያ ታወርዳላችሁ።

ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ ችግሩ ብዙውን ጊዜ "አርኤስቲ" የሚባለው የኢንቴል ማስተካከያ ነው። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ወደ "ኤኤችሲአይ" መቀየር ያስፈልጋል። በቀጥታ ከቀየራችሁት ግን ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ዊንዶውስ ውስጥ "ኤምኤስኮንፊግ" ብላችሁ "ሴፍ ቡት" ላይ ምልክት አድርጉ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ባዮስ ገብታችሁ ቀይሩ፣ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ይነሳ፣ ምልክቱን አንሱ፣ እንደገና ሪስታርት። ኤኤችሲአይ የሚል ምርጫ ከሌለ "ቪኤምዲ" የሚለውን ፈልጋችሁ በዚሁ ቅደም ተከተል አጥፉት።

ትንፋሽ የሚያዝበት ገጽ

"ኢንስቶል" ብላችሁ ቋንቋና ኪቦርድ ከመረጣችሁ በኋላ አንድ ወሳኝ ገጽ ይመጣል። አንዱ ምርጫ ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ቡት ማናጀር ጎን ጫን ይላል። ሌላው "ኢሬዝ ዲስክ" ነው፤ ሁሉንም አጥፋ ማለት ነው። እጃችሁን ከማውዙ ላይ አንሱና ሁለቴ አንብቡ። የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ካልመጣ ዝም ብላችሁ ሁለተኛውን አትቀበሉ። ውጡና ቢትሎከሩን፣ የቡት መንገዱን፣ የተቆረጠውን ቦታ እንደገና ፈትሹ።

መጨረሻ ላይ የሚሰራውን ዝርዝር ያሳያችኋል። ዊንዶውስ ያለበት ክፍል ፎርማት ይደረጋል የሚል መስመር ካለ ተመለሱ። ከሌለ ቀጥሉ። የዋይፋይና የግራፊክስ ድራይቨሮች እንዲጨምር ከፈቀዳችሁ የይለፍ ቃል እንድታስገቡ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ገጽ ከመጣ "ኢንሮል ሞክ" የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ቃል ጻፉ። ይህን ገጽ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ ዋይፋዩ አልሰራ ይላል።

ግረብ

ላፕቶፑ ሲነሳ አሁን ጥቁር ገጽ ላይ ዝርዝር ታያላችሁ፦ ኡቡንቱ፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር። ይህ ግረብ ነው፤ የኡቡንቱ ቡት ማናጀር። በቀስት ቁልፍ መርጣችሁ ኢንተር። ካልነካችሁት ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ የመጀመሪያውን ያስነሳል።

ቡት ማናጀር መናኸሪያ ላይ እንዳለ ተራ አስከባሪ ነው። መኪናውን አይነዳም፤ ቀጥሎ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ ግን የሚናገረው እሱ ነው። ይህን ከያዛችሁ "ዊንዶውሴ ጠፋ" ወይም "ኡቡንቱዬ ጠፋ" የሚለው ድንጋጤ ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ነገር የለም፤ የተቀየረው ተራው ነው።

ሪስታርት አድርጋችሁ ቀጥታ ዊንዶውስ ከተነሳ ባዮስ ግቡና የቡት ቅደም ተከተሉ ላይ "ኡቡንቱ" የሚለውን ወደ ላይ አምጡ። ትልልቅ የዊንዶውስ ማሻሻያዎች አንዳንዴ ራሳቸውን ወደ ላይ ያመጣሉ። መፍትሄው ያው ነው።

ግረብ መጥቶ ዊንዶውስ ዝርዝሩ ላይ ከሌለስ? ግረብ ከ2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን መፈለግ በራሱ አቁሟል። "ኢቲሲ" ውስጥ፣ "ዲፎልት" ውስጥ ያለውን "ግረብ" የሚባል ፋይል በ"ሱዶ ናኖ" ክፈቱ። "ግረብ ዲስኤብል ኦኤስ ፕሮበር" የሚለውን መስመር ፈልጉ፣ ፊቱ ያለውን የ# ምልክት አጥፉ፣ ዋጋውን "ፎልስ" አድርጉ። ከዚያ "ሱዶ አፕዴት-ግረብ" በሉ። ትእዛዙ ሲሰራ ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን አገኘሁ የሚል መስመር ያወጣል። ያን ካያችሁ አልቋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉንም ሰው ያደናግራል፤ ሰዓቱ። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስ ደግሞ የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ 4:00 ማለት ሲገባው 1:00 ይላችኋል። ኡቡንቱ ላይ "ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1" ብላችሁ አንዴ ጻፉ።

የኮድ መሳሪያዎች

ኡቡንቱ ላይ "ሱዶ አፕት አፕዴት" ብላችሁ ጀምሩ። ቀጥሎ "ሱዶ አፕት ኢንስቶል" ብላችሁ ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ መሳሪያ)፣ ቢልድ-ኢሰንሻል፣ ከርል እና ፓይተን3-ቬንቭን በአንድ መስመር አስከትሉ። ኮድ መጻፊያው ለሆነው ቪኤስ ኮድ "ሱዶ ስናፕ ኢንስቶል ኮድ"፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ሰረዝና "ክላሲክ"። ፓይተን ከሲስተሙ ጋር አብሮ መጥቷል፤ አትንቀሉት፣ ኡቡንቱ ራሱ ይጠቀምበታል። የፓይተን ተጨማሪዎችን የሚጭነው "ፒፕ" በቀጥታ አልጭንም ቢላችሁ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሲስተሙን እየጠበቀ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት በ"ፓይተን3 -ኤም ቬንቭ" የራሱን ክፍል ስሩለት። አማርኛ ለመጻፍ ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ አማርኛን ጨምሩ፤ "ሴራ" የሚለውን ከመረጣችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል እየነካችሁ ግዕዝ ይወጣል።

ዊንዶውስ ላይ "ዊንጌት ኢንስቶል ጊት.ጊት" በቂ ነው። ፓይተንን ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ስትጭኑ የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ ያለውን "ፓዝ" የሚል ሳጥን ምልክት አድርጉ፤ አለበለዚያ ተርሚናሉ ፓይተንን አላውቀውም ይላል። የምትፈልጉት የሊኑክስ ትእዛዝ መለማመድ ብቻ ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያስነሳው "ደብሊውኤስኤል" አለላችሁ። ዲስክ መከፋፈል አይፈልግም፣ በ"ደብሊውኤስኤል" ሁለት ሰረዝ "ኢንስቶል" ይገባል። 4 ጊጋባይት ራም ላለው ላፕቶፕ ግን ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ይከብደዋል። ለእንደዚያ ዓይነቱ ጎን ለጎን መጫኑ ይሻላል።

ማክ ያላችሁ፣ የኢንቴሉ ላይ ሪፋይንድ የሚባል ባለ ስዕል ቡት ማናጀር ይጠቅማችኋል። ኤም 1 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ላይ ቡት ካምፕ (ማክ ላይ ዊንዶውስን ጎን ለጎን የሚጭነው) የለም፤ ኡቡንቱን ሌላ ሲስተምን በመስኮት ውስጥ በሚያስነሳው ዩቲኤም ውስጥ አስነሱት። ጊትን ለማግኘት "ኤክስኮድ-ሰሌክት" ሁለት ሰረዝ "ኢንስቶል"፣ ለቀረው ፕሮግራም ጫኚው ሆምብሩ።

በሁለቱም ሲስተም የምትሰሩ ከሆነ ፕሮጀክቱን በጊት አመላልሱት እንጂ የኡቡንቱን ስራ ዊንዶውስ ድራይቭ ላይ አታስቀምጡ፤ የፋይል ፈቃዶች ይዘባረቃሉ። የመስመር መጨረሻ ምልክታቸውም ይለያያል። ስለዚህ ጊት ውስጥ "ኮር.አውቶሲአርኤልኤፍ" የሚለውን ዊንዶውስ ላይ "ትሩ"፣ ኡቡንቱ ላይ "ኢንፑት" አድርጉት። ካላደረጋችሁ ዊንዶውስ ላይ የጻፋችሁት ስክሪፕት ኡቡንቱ ላይ "ባድ ኢንተርፕሪተር" ብሎ ይቆማል፤ ምንም ያልነካችሁት ፋይልም ጊት ላይ ሙሉ በሙሉ እንደተቀየረ ሆኖ ይታያል።