በባሌ ተራሮች ሲጓዙ ስልክን መቼ መክፈት፣ መቼስ መዝጋት ይገባል?

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለጥቂት ቀናት በእግርና በፈረስ ለመጓዝ የሚነሳ ሰው ስለ ስንቁ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ብርድ ልብሱ እንደሚያስበው ሁሉ ስለ ስልኩም አስቀድሞ ሊወስን ይገባል። በተግባር ግን አንዳንዱ «ሰላም እፈልጋለሁ» ብሎ ለማንም ሳይናገር ስልኩን ዘግቶ ይሄድና ቤተሰቡን ሲያስጨንቅ ይሰነብታል፤ ሌላው ደግሞ መንገዱንም፣ ቀጠሮውንም፣ ችግር ቢገጥመው የሚጠራውንም ሰው ሁሉ ለስልኩ አደራ ብሎ ይወጣና ኔትወርክ በጠፋበት ሸለቆ ውስጥ የሚያደርገው ይጠፋዋል። ሁለቱንም የሚጎዳቸው ከመነሳታቸው በፊት ከሰው ጋር በቅጡ አለመነጋገራቸው ነው። ስልኩ ቢዘጋ ማን ምን እንደሚያደርግ ተነጋግሮ የወጣ ሰው ያለ ሥጋት ሊዘጋው ይችላልና ዝግጅቱን ከሰዎቹ መጀመር ይሻላል።

ተጠባባቂ ይምረጡ

ከሚያምኗቸው ሰዎች መካከል አንድ ሰው ብቻ ተጠባባቂ፣ ማለትም ከጉዞው ቀርቶ ድምፅዎን የሚጠብቅ፣ አድርገው ይምረጡ። አምስት ዘመድ በየተራ የሚደውል ከሆነ ማንም ኃላፊነቱን አይወስድም፤ አንዱ ሌላው ያውቃል እያለ ቀኑ ያልፋል። ለተጠባባቂው በየቀኑ የሚሄዱበትን መንገድና የሚያድሩበትን ቦታ፣ የአስጎብኚውንና የሾፌሩን ስልክ፣ የተጓዦቹን ብዛት፣ የታወቀ ሕመም ወይም በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ካለም እርሱን በጽሑፍ ይስጡት። በቃል የተነገረ ነገር በጭንቀት ሰዓት ይምታታል።

ከዚያ ሁለት ሰዓቶችን ቁረጡ። የመጀመሪያው የቀጠሮ ሰዓት ነው፤ ለምሳሌ «ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ጎባ እንደርሳለን» የሚለው። ሁለተኛው ተጠባባቂው እርምጃ የሚወስድበት ሰዓት ነው፤ «እስከ ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ድምፃችን ካልተሰማ ለአስጎብኚውና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውል» ይባላል። በሁለቱ መካከል ሰፊ ጊዜ መተው አስፈላጊ ነው፤ ዝናብ፣ ጭጋግ ወይም የደከመ ፈረስ ጉዞን ግማሽ ቀን ማዘግየቱ የተለመደ ነውና፣ ሳያስፈልግ ሰው የሚያስነሳ ቀጠሮ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምነው ያጣል። ከሁሉም በላይ «እስከዚያ ሰዓት ስልካችን ቢዘጋ በሰላም ነው» የሚለው ቃል በግልጽ መነገር አለበት። እናትና አባት ይህን ከተጓዡ አፍ ቢሰሙት ይመረጣል፤ «ስልኩ ተዘግቷል» የሚለው ወሬ ከሌላ ሰው ሲደርሳቸው ሌላ ትርጉም ይይዛል።

ከውጭ አገር መጥተው የሚጓዙና ተጠባባቂያቸው በዚያው የቀረ ወገኖቻችን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። «10 ሰዓት» ሲባል ዋሽንግተን ያለው ወንድም በፈረንጅ አቆጣጠር ቢወስደው በስድስት ሰዓት ይሳሳታል፤ የአገሮቹ የሰዓት ልዩነት ሲታከልበት ደግሞ ቀኑም ሊዛባ ይችላል። ቀጠሮውን በተጠባባቂው አገር ሰዓትና ቀን ጽፎ መላክ ይህን ያስቀራል።

ሌላም የማይደፈር የሚመስል፣ ነገር ግን ሊነሳ የሚገባው ጉዳይ አለ። በጉዞው ላይ ሳሉ በቤተሰብ ላይ ክፉ ነገር ቢደርስ ምን ይደረግ? መርዶ በስልክ እንዳይነገር ባህላችን የሚጠነቀቀው በምክንያት ነው፤ በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከመኪና መንገድ ርቆ ላለ ሰው ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ወሬው በተጠባባቂው በኩል ለጉዞ ጓደኛ ወይም ለአስጎብኚው እንዲደርስ፣ ተጓዡም ወደ ከተማ ከወረደ በኋላ በሰው ፊት እንዲሰማው አስቀድሞ መስማማት ይበጃል።

ስልኩን ማሰናዳት

ስልክ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ክፍት ሆኖ ሲቀር የኔትወርክ ማማ ፍለጋ ደጋግሞ ኃይሉን ከፍ ስለሚያደርግ ባትሪውን በፍጥነት ይጨርሳል። ተጓዦች «ምንም ሳልነካው ሞተ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው የበረራ ሞድ (ኤርፕሌን ሞድ) ነው። ጂፒኤስ ከሳተላይት የሚመጣን ምልክት ብቻ የሚቀበል በመሆኑ በአብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ላይ ያለ ሲም፣ ያለ ዳታ፣ በበረራ ሞድም ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ካርታው አስቀድሞ ስልኩ ላይ መጫኑ ነው። ኦስምአንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉትን መተግበሪያዎች አዲስ አበባ ሳሉ በዋይፋይ አውርደው የኢትዮጵያን ካርታ ይጫኑ፤ ከዚያም ስልኩን እቤትዎ በበረራ ሞድ ላይ አድርገው ካርታው በእርግጥ መከፈቱን ይፈትሹ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበትን ዲንሾን፣ የሚያድሩባቸውን ቦታዎችና ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ደን የሚወርደውን የመኪና መንገድ በካርታው ላይ ምልክት ያድርጉባቸው። ያ መንገድ አምባው ላይ ሰው ሲታመም መኪና ሊደርስ የሚችልበት ዋነኛ መስመር ስለሆነ ከእያንዳንዱ ማደሪያ በየት በኩል እንደሚቀርብ ማወቅ ያስፈልጋል። ጂፒኤሱንም ዲንሾ ላይ ገና ኔትወርክ ሳለ አንድ ጊዜ ይክፈቱት፤ ያለ ኔትወርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን ለማግኘት ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድበት ይችላልና።

ብርዱ የባትሪ ጠላት ነው። በደረቁ ወራት፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት፣ የሳነቴ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ኃይል አውጥቶ መስጠት ያቅተዋል። ስልኩንና ፓወር ባንኩን ጨርቅ ጠቅልለው በመኝታ ከረጢትዎ ውስጥ ይዘው ይደሩ፤ ጠዋትም በረዶ ሆኖ ያደረን ስልክ ሳይሞቅ ቻርጅ አያድርጉት፣ ባትሪው ለዘለቄታው ይጎዳል። 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh) የተጻፈበት ፓወር ባንክ 5,000 የሚይዝን ስልክ ሁለቴ ይሞላል ብሎ ማስላት ስህተት ነው፤ በመሐል የሚባክነው ሲቀነስ ከአንድ ጊዜ ብዙም አይዘልም።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን አንድ ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክ መጨመርን ነው። ሲም አስገብተው፣ ካርድ ሞልተው፣ የተጠባባቂውን፣ የአስጎብኚውንና የሾፌሩን ቁጥር መዝግበው፣ አጥፍተው በላስቲክ ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጡት። ይህ ስልክ ለጭንቅ ቀን ብቻ የተያዘ ይሁን። ቁጥሮቹን በወረቀትም መጻፍ አይርሱ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሁለት ድርጅቶችን ሲም መያዝ ይቻላል፤ የትኛው መስመር የትኛው ጉብታ ላይ እንደሚይዝ ግን ከማንኛውም ካርታ ይልቅ የአካባቢው አስጎብኚ ያውቃል።

ከውጭ የሚመጡ ተጓዦች በሳተላይት የሚሠራ መሣሪያ ይዞ የመምጣት ሐሳብ ይኖራቸዋል። የሳተላይት ስልክ ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ስለሚችል ከጉዞው በፊት ያለውን አሠራር መጠየቅ ተገቢ ነው። አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የወጡት በሳተላይት የድረሱልኝ መልእክት የሚልኩት አገልግሎቱ በተፈቀደባቸው አገሮች ብቻ ስለሆነ አሜሪካ ላይ የሠራው እዚህም ይሠራል ብሎ በእርሱ ተማምኖ መውጣት አደገኛ ነው።

በመንገድ ላይ

ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበው ጉዞው ሲጀመር ተጠባባቂውን «ወጥተናል» ይበሉና ስልኩን በበረራ ሞድ ያድርጉት። ከአንድ በላይ ተጓዥ ካለ አንድ ሰው ብቻ ካርታ ይክፈት፤ የሌሎቹ ይጥፋ። በዚህ ዓይነት የቡድኑ ባትሪ በየተራ ያገለግላል።

ስልክ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት ቢከፈት በቂ ነው። የሞባይል ምልክት በአብዛኛው በቀጥታ የሚጓዝ በመሆኑ እንደ ዌብ ያለ ሸለቆ ውስጥ የሌለው ኔትወርክ ወደ ከተማ የተገለጠ ጉብታ ላይ ሊገኝ ይችላል። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ዳታውን ዘግተው ጥሪና የጽሑፍ መልእክት ብቻ ይክፈቱ። ዳታ ከተከፈተ የሦስት ቀን የቴሌግራምና የዋትስአፕ መልእክት በአንዴ ይግተለተላል፤ «ደህና ነን» ለማለት የቆመ ሰው የቢሮ ጭቅጭቅ ሲያነብ ግማሽ ሰዓት ይቆማል፣ ጓደኞቹም በብርድ ይጠብቁታል። የላኩት «ደህና ነን» መልስ ካላመጣም መልስ ለመጠበቅ እዚያው አይቁሙ፤ የተቆረጠው ቀጠሮ ይበቃል።

ስልክን ጸጥ ማድረግ ለእንስሳቱም ጭምር ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው። ቀይ ቀበሮ ሲያድን ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ ቀስ እያለ ወደ ፍልፈሉ ጉድጓድ ይቀርባል፣ ጆሮውን አቁሞ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል፣ ፍልፈሉ ራሱን ብቅ ሲያደርግ ይዘላል። ይህ አደን በጆሮና በትዕግሥት የሚሠራ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚጮህ የስልክ ጥሪ፣ የካሜራ ድምፅ ወይም በስፒከር የተለቀቀ ዘፈን ቀበሮውን ምግቡን ያሳጣዋል። ስለዚህ ፎቶ ለማንሳት ስልኩ ክፍት ቢሆን እንኳ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ፤ ፎቶውንም ካሉበት ሆነው ያንሱ እንጂ ለተሻለ ምስል አይከተሉት።

የአስጎብኚውና የባለ ፈረሶቹ ስልክ ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ከዓለም መራቅ የፈለገው ተጓዡ ነው፤ እነርሱ ሥራ ላይ ናቸው፣ ቤተሰብም የሚቀጥለውን ሥራ የሚሰጣቸው ሰውም ይደውልላቸዋል። ስልካቸውን እንዲዘጉ ማዘዝ አግባብ አይደለም። ድምፁን እንዲቀንሱ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል፤ ከፓወር ባንክዎ ቻርጅ ቢያካፍሏቸውና ካርድ ቢሞሉላቸው ደግሞ በችግር ቀን የሚያድንዎት ስልክ የእነርሱ ሊሆን ይችላል።

ችግር ሲገጥም

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሕይወት ያስከፍላል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጊዜ ማባከን። በሳነቴ ከፍታ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ እነዚህ ካሉ ወደ ላይ መውጣት ይቁም። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ግን የሚያስፈልገው ወዲያውኑ መውረድ ነው። ሌሊትም ቢሆን በፈረስ ወይም በመኪና ቢያንስ 500 ሜትር፣ ቢቻል 1,000 ሜትር ዝቅ ወዳለ ቦታ ይወሰድ፤ ከሳነቴ ወደ ጎባ ወይም ወደ ሐረና ወገን የሚወርደው መንገድ ለዚህ ያገለግላል። ስልኩ የሚደወለው እየወረዱ ነው። ከቡድኑ አንዱ ቀድሞ ወደ ጉብታው ሊወጣ ይችላል፣ ታማሚው ግን ብቻውን አይተው።

ለድምፅ ጥሪ የማይበቃ ደካማ ኔትወርክ አጭር የጽሑፍ መልእክትን ሊያሳልፍ ይችላል። በፊደላችን የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲበልጥ ስልኩ ቆራርጦ ስለሚልከው አንዱ ቁራጭ ቢቀር ሐሳቡ ይበላሻል። ስለዚህ አጥረው ይጻፉ፦ «እግር ተሰብሯል። 1 ሰው። ዌብ ሸለቆ ነን። ፈረስ አለን። መኪና ዲንሾ ላክ። 10 ሰዓት እከፍታለሁ።» በዚህ ውስጥ ጉዳቱ፣ የሰው ብዛቱ፣ ቦታው፣ ያለው አቅም፣ የሚፈለገው ነገርና የሚቀጥለው የመገናኛ ሰዓት ሁሉ አሉ። በሁለተኛ መልእክት ከካርታው ላይ የተነበበውን የጂፒኤስ ቁጥር ይላኩ። የተናገሩትን ሰዓት ጠብቀው ስልኩን ይክፈቱ፤ በመሐል ያጥፉት።

ሲመለሱ

ከተራራው ወርደው ኔትወርክ ሲያገኙ ከማንም በፊት የሚደወለው ለተጠባባቂው ነው። ከእርሱ በፊት ፎቶ የለጠፈ፣ ለሌላ የደወለ ሰው ብዙ ነው፤ ተጠባባቂው ግን ሰዓት እየቆጠረ ያለ ሰው ስለሆነ ቀድሞ ሊሰማ ይገባዋል። «ሁላችንም ወርደናል፣ ጥበቃው አብቅቷል» የሚለው ቃል በግልጽ ይነገረው፤ እርሱም ወሬውን የሰጣቸውን ቤተሰቦች ሁሉ ያሳውቅ። አስጎብኚው ወደ ዲንሾ የሚመለሰው ለብቻው ከሆነ ደግሞ በሰላም መድረሱን ማታ ደውለው ይጠይቁት።