የሙሽራ የእጅ አበባ እቤታችሁ ስትሠሩ፦ አንገቱን ሲደፋ፣ ሲጠቁር፣ ሲበታተን

ባለፈው ጥር የእህቴን የእጅ አበባ የሠራሁት እኔ ነኝ። የእሷንም የአራት ሚዜዎቿንም። አበባ ቤት የጠሩልን ዋጋ ሲያስደነግጠን «ጽጌረዳ ማሰር ምን ይከብዳል?» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሐሙስ ማታ የገዛሁት ጽጌረዳ ዓርብ ጠዋት ግማሹ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀኝ። ሰርጉ እሑድ ነው። እናቴ ባልዲውን አየችና «ይሄ ለሰርግ ነው ለለቅሶ?» አለች። ያኔ እየተደናበርኩ የተማርኩትን፣ ከዚያ ወዲህም ለሁለት ጓደኞቼ ስሠራ የሞከርኩትን ነው የምነግራችሁ።

አበባው አንገቱን ደፋ

ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ አበባው ገና አልፈነዳም፣ ጭንቅላቱ ግን ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አርጅቶ አይደለም፣ ጠምቶት ነው። ጽጌረዳ ተቆርጦ ያለ ውሃ ሲቆይ በተቆረጠው ጫፍ አየር ይገባና ግንዱ ውስጥ ያለውን ቀጭን የውሃ መንገድ ይዘጋዋል። የኔ በመኪና የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ በትራፊክ መጨናነቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቷል። ቤት ስደርስ ባልዲ ሙሉ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፣ ግን ጫፉን ሳልቆርጥ። የውሃ መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ ባልዲው ሙሉ ሆነ ባዶ ለአበባው ያው ነው።

ማዳን ይቻላል። ጫፉን ውሃ ውስጥ እንደነከራችሁት 3 ሳንቲሜትር ያህል ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሰያፍ የሚሆነው ባልዲው ወለል ላይ ልጥፍ ብሎ እንዳይቀመጥ ነው። የቤት መቀስ ግንዱን ስለሚጨፈልቀው ስል ቢላ ይሻላል። ከዚያ አሥር አሥሩን አንገታቸውን ቀጥ አድርጋችሁ በጋዜጣ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና እጅ የማያቃጥል ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሟቸው። ጨለም ያለ ቦታ አስቀምጣችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት እርሷቸው። ጋዜጣውን ቶሎ ቶሎ እየገለጣችሁ አትዩ (እኔ አይቻለሁ፣ አንገታቸው መልሶ ተጣመመ)። ከ60 ጽጌረዳ ያልተነሱልኝ 9 ብቻ ነበሩ።

ዳግም ከደፋ ጥፋቱ የውሃው ነው። ውሃ ውስጥ የተነከረ ቅጠል ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ እሱም እንደ አየሩ መንገዱን ይደፍናል። ከውሃው መስመር በታች ያለውን ቅጠል በሙሉ አንሱ። እሾሁንም አንሱ፣ ግን ልጡን እንዳትገሽልጡት። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምሩ። ስኳሩ ምግቡ ነው፣ ሎሚው ውሃውን በቀላሉ እንዲስብ ያደርገዋል፣ በረኪናው ባክቴሪያውን ይገድላል። በረኪናውን መጨረሻ ላይ፣ ሙሉው ውሃ ውስጥ ነው የምትጨምሩት። ውሃ ሳይገባበት ከሎሚው ጋር በቀጥታ እንዳትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ጉሮሮ ያንቃል።

ነጩ ጽጌረዳ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ

መጀመሪያ የትኛው ላይ እንደሆነ እዩ። የአበባው ራስ ላይ የውጪዎቹ ሁለት ሦስት ነጭ ቅጠሎች ብቻ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ካላቸው ምንም አልሆነም፤ ውስጡን እንዲጠብቁ ገበሬው ሆን ብሎ የሚተዋቸው ናቸው። ከሥራቸው ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ላጧቸው። ነጠብጣቡ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ሻጋታ ነው፣ ሻጋታን የሚጠራው ደግሞ እርጥበት ነው። አበባውን ከነፕላስቲኩ አሳድራችኋል፣ ወይም «እንዳይደርቅ» ብላችሁ ላዩ ላይ ውሃ ረጭታችኋል። ፕላስቲኩን አውልቁ፣ መርጨቱን ተዉ፣ ግራጫ ጸጉር ያበቀለውን ከሌሎቹ ለዩና ጣሉ። ነጭ አበባ ጣት የነካው ቦታ ሁሉ ይጠቁራል። ስታስሩ ግንዱን እንጂ ጭንቅላቱን አትያዙ።

አልፈነዳም፣ ወይም አነሰብኝ

ዓርብ ወይም ቅዳሜ የተገዛ ድፍን እምቡጥ እሑድም ድፍን ነው። ሐሙስ ግዙ፣ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ሳሎን አቆዩት። ከሆለታ አካባቢ የሚመጣው የደጋ ጽጌረዳ ጭንቅላቱ ተለቅ ይላል፤ ከዝዋይ፣ ማለትም ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ የሚመጣው ያንሳል። ሻጩን ከየት እንደመጣ ጠይቁት። በትልቁ ከሆነ ለሙሽራዋ 20 ይበቃል፣ በትንሹ 30 አስገብታችሁም ሳሳ ሊል ይችላል። 40 ጽጌረዳ አሳስራ ያየኋት አንዲት ሙሽራ አለች። ፎቶው ሳያልቅ ክንዷ ዝሎ ለሚዜዋ አስያዘቻት።

ፍሪጅ ውስጥ ያደረው ጠወለገ

ሰርግ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ። የሚበስል ፍራፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ አበባን ያስረጃል። በተለይ ጂፕሶ የምትባለዋ ትንንሽ ነጭ አበባ ቶሎ ትጎዳለች። የፍሪጁን የኋላ ግድግዳ የነካው ደግሞ በረዶ ይመታዋል። በጥር አዲስ አበባ ላይ ፍሪጅ ምን ያደርጋል? ሌሊቱ ራሱ ፍሪጅ ነው። ነፋስ የማያገኘው፣ ጠዋት ፀሐይ የማይመታው በረንዳ ላይ ከነባልዲው ይደር። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ግን ውርጭ አለባችሁና ቤት አስገቡት።

ሲታሰር ተበታተነ፣ መሃሉ ጎደጎደ

ግንዶቹን ቀጥ ቀጥ አድርጋችሁ እንደ መጥረጊያ ስለሰበሰባችኋቸው ነው። የታሰረ የስንዴ ነዶ አይታችኋል? ወገቡ ቀጭን፣ ላይና ታቹ የተዘረጋ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። አንዱን ጽጌረዳ በግራ እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሁለተኛውን ዘንበል አድርጋችሁ ጨምሩ፣ ሦስተኛውንም ወደዚያው አቅጣጫ። በየሦስቱ እጃችሁ ላይ ትንሽ አዙሩት። አንዱ እንኳ በተቃራኒው ከገባ ይቆልፋል፣ ከዚያ ማስተካከል የለም፤ ፈትቶ መጀመር ነው። እኔ አራት ጊዜ ፈትቻለሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዳር ዳሩን ካስገባችሁ ክፍተቱን ይሸፍናል፣ ሽታውም ደስ ይላል።

ክር ብቻውን አይበቃም፣ ግንዱ ሲደርቅ ይላላል። መጀመሪያ በብር ማሰሪያ ላስቲክ፣ በላዩ ስኮች፣ መጨረሻ ሪባን፤ ሪባኑን በስፒል ወደ ላይ ሰካ አድርጉ፣ ጫፉ ግንዱ ውስጥ እንዲቀር።

ቬሎው ላይ እድፍ

ውሃ ከሆነ ግንዱን በፎጣ ሳታደርቁ ሰጥታችኋታል። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ዱቄት ከሆነ ሊሊ ነው፤ መሃሉ ላይ ያሉትን ዱቄት የያዙ ዘንጎች አበባው እንደፈነዳ በሶፍት ያዙና ንቀሏቸው። ልብስ ላይ ከወደቀ በውሃ አትንኩት፣ በእጅም አትሹት፣ ይሰራጫል። ስኮች ለጥፋችሁ አንሱት።

ለመልሱ አልደረሰም

ሪባኑ ግንዱን እስከ ጫፍ ድረስ ከሸፈነው ውሃ ውስጥ ማቆም አይቻልም። ከታች 5 ሳንቲሜትር ባዶ ተዉ። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ፎቶ፣ ከፎቶ እስከ አዳራሽ ባለው ጊዜ መኪና ውስጥ ግማሽ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ከነውሃው ይኑራችሁ፣ ኃላፊነቱንም ለአንድ ሚዜ ስጡ። ማታ ጫፉን አንድ ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ አዲስ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ሁለት ሦስት ቅጠል ሊረግፍ ይችላል፤ የረገፈውን አንሱና የላላውን ሪባን በአዲስ ቀይሩት።