እንገሩን እንዳትደፊው

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ እናቴ ጡቴን ጨመቅ አርጋ የወጣውን ቢጫ ነገር "ይሄ እኮ ዘጠኝ ወር የተኛ ነው፣ ሆዱን ይነፋዋል" ብላ በሶፍት ጠረገችው። አማቴ ደግሞ ከቅዳሜ ገበያ ለጋ ቅቤ ገዝተው መጥተው በጣታቸው ጫፍ አላሱት። እኔ አራስ ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ምን አፍ አለኝ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚል ሰው ቤቱን ሞልቶታል። ልጁ "ወተቱ እስኪወርድ" ተብሎ ስኳር በውሃ ሲጠጣ ሰነበተና በሦስተኛው ቀን ጡቴ ተወጥሮ ድንጋይ ሲሆን እሱ መያዝ አቃተው፣ የዛን ለታ ከሁለታችን ማን የበለጠ እንዳለቀሰ እንጃ።

የሚገርመው አማቴ ደንቢያ ነው ያደጉት፣ ከብት ያውቃሉ። ጥጃ እንገሩን፣ ማለት ላሟ እንደወለደች የሚወጣውን የመጀመሪያ ወተት፣ ቶሎ ካልጠባ እንደማይጠና ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፣ ከጥጃው የተረፈው ደግሞ እሳት ላይ ሲጣድ እንደ እንቁላል እርግት ይላል፣ ልጅ አዋቂው ይሻማበታል። የላሟን እንገር ተሻምተን እየበላን የራሳችንን በሶፍት እንጠርጋለን ማለት ነው። ይሄ የገባኝ ሁለተኛዋን ስወልድ ነው፣ አዋላጇ "ይሄ እኮ እንገር ነው" ስትለኝ። እስከዛ ድረስ ቃሉን ለሰው ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እንገር የቆየ ወተት አይደለም። ሰውነትሽ ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ የሚያዘጋጀው ነው፣ አንዳንዷ ሰባት ስምንት ወሯ ላይ ቀሚሷ ላይ ጠብ ሲል ታየዋለች፣ ችግር የለውም። ወፍራም ነው፣ ያጣብቃል፣ ቢጫነቱ ካሮትን ካሮት ካስመሰለው ነገር ነው የሚመጣው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው። ነጣ ያለ ወይ ውሃ የመሰለም አለ፣ አትደንግጪ። ትልቁ ነገሩ ግን ውስጡ ያለው በሽታ ተከላካይ ነው፣ ጭቃ ቤት ሲለሰን አይተሽ የለ፣ ልክ እንደዛ የልጁን አንጀት ከውስጥ ይለስነዋል፣ ጀርም በቀላሉ አያልፍም። "ሆዱን ይነፋዋል" የሚባለውም ተገላቢጦሽ ነው፣ እንገር ያስቀምጣል፣ ያ ሬንጅ የመሰለው ጥቁር የመጀመሪያ ካካ ቶሎ እንዲወጣ ያረጋል፣ እሱ ሆድ ውስጥ ሲቆይ ነው ልጁ ቢጫ የመሆን እድሉ የሚጨምረው።

ሰው ሁሉ የሚያስፈራራሽ በማነሱ ነው። ማነሱ ልክ ነው እኮ! በመጀመሪያው ቀን ልጁ አንዴ ሲጠባ የሚያገኘው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ይይዛል፣ እንግዲህ ከግማሽ ማንኪያ እስከ ሁለት ማንኪያ መሆኑ ነው። ሆዱም ገና ትንሽ ነው። በሁለተኛው ቀን ጨመር ይላል፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ወተቱ ግጥም ብሎ ይመጣል።

አሁን ወደ አሰራሩ። ሳትወልጂ በፊት ቤት ውስጥ ተነጋገሩ፣ ቅቤ የለም ስኳር የለም ብለሽ፣ ምጥ ላይ ሆነሽ ክርክር አይሆንልሽም። ባልሽን አስቀድመሽ አሰልጥኚው፣ በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው።

ልጁ እንደተወለደ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት። ተጠራርጎ ራቁቱን ደረትሽ ላይ ይተኛ፣ ገላ ለገላ፣ ከላይ ጋቢ፣ ጎንደር ክረምት ላይ ከወለድሽ ኮፍያም። ፊቱ ግን አይሸፈን። ሚዛኑ ምናምኑ ይደርሳል። ትንሽ ዝም ብለሽ ከተውሽው አፉን እያንቀሳቀሰ ራሱ ጡትሽን ሲፈልግ ታይዋለሽ፣ እኔ በአይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ደግሞ እሱ ሲጠባ ማህፀንሽ ይኮማተራል፣ ቁርጠት የመሰለ ያምሻል፣ መድማቱን የሚቀንስልሽ እሱ ነው። በኦፕራሲዮን ብትወልጂም ከወገብ በታች ብቻ ከደነዘዝሽ እዛው ማስጠባት ይቻላል፣ ጠይቂ፣ ካልጠየቅሽ የሚያስታውስሽ ላይኖር ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን የወለድኩበት ቦታ ልጁን ጠቅልለው ለቤተሰብ ሰጥተውብኝ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው ያገኘሁት።

አያያዙ ላይ፦ ጫፏን ብቻ ከያዘ ትቆስያለሽ እሱም አያገኝም። አፉን ሰፋ አርጎ እስኪከፍት ጠብቂና ወደ ጡትሽ ሳብ አርጊው፣ አንቺ ወደሱ አትጎንበሺ። አገጩ ጡትሽን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጠቆር ያለው ክብ ከላይ በኩል ነው በደንብ የሚታይሽ። ከመጀመሪያው ትንሽ ሕመም በኋላም ካመመሽ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና ጀምሪ።

አልይዝም ካለ ወይ ከተኛብሽ በእጅ ማለብ አለ፣ እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጡትሽን ግን በሳሙና አትፈትጊው። ሙቅ ፎጣ አርጊበትና ቀስ አርገሽ እሺው። አውራ ጣትሽን ከላይ ሌሎቹን ከታች አርገሽ ከጫፉ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ራቅ ብለሽ ያዢ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ቀጥሎ ጨመቅ፣ ከዛ ለቀቅ። ቆዳው ላይ ጣትሽን አታንሸራቺ፣ ይላጥሻል። መጀመሪያ ምንም አይወጣም፣ ተስፋ አትቁረጪ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲሆን ጫፉ ላይ እንደ ማር የምታበራ ጠብታ ትታያለች። በተቀቀለ የሻይ ማንኪያ ወይ በቡና ሲኒ ተቀበያት። ጠብታው ሲቀንስ ጣትሽን ዞር አርገሽ ሌላ ቦታ ያዢ፣ ከዛ ሌላኛው ጡት። ልጁን ቀና አርገሽ ይዘሽ ማንኪያውን ከታችኛው ከንፈሩ ላይ አስጠጊው፣ አትገልብጪበት፣ ራሱ ይልሰዋል። ጡጦ አያስፈልግም።

በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፣ ሌሊትም ጭምር። ከተኛ ቀስቅሺው፣ እግሩን ኮርኩሪው፣ ልብሱን አውልቂለት። ሁለተኛዋ ሌሊት ክፉ ናት፣ በየደቂቃው ያለቅሳል፣ ጡት ይዞ ይለቃል፣ የዛኔ ነው "ወተት የላትም፣ የጣሳ ወተት ግዙ" የሚመጣው። በቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው ወተቱን የሚጠራው፣ በሌላ ነገር ካጠገቡት ያንቺም ይዘገያል። በቂ ማግኘቱን በሽንቱ እዪው፦ በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3፣ ከአምስተኛው ቀን በኋላ 6 እና ከዛ በላይ። ካካውም ከጥቁር ወደ አረንጓዴ ከዛ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ኪሎ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከ10 በመቶ ካለፈ ግን ይታይ።

ቅቤ፣ ስኳር ውሃ፣ አብሽ፣ ማር፣ ምንም አይቅመስ። ቅቤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ አደገኛ ጀርም ሊኖረው ይችላል። አጥሚቱንም ገንፎውንም አንቺ ብዪው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም እንገሩ አይከለከልም፣ መድኃኒትሽን አታቋርጪ፣ ለልጁ የታዘዘውንም ስጪው፣ ሌላውን ከክትትል ባለሙያሽ ጋር ተነጋገሪ። ልጁ ጭራሽ አልጠባ ካለ፣ ትኩሳት ካለው ወይ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ድረስ ቢጫ ከሆነ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ሁለተኛዋን ስወልድ አማቴ እንደልማዳቸው ቅቤያቸውን ይዘው መጡ። "እማማ፣ ይሄ እኮ እንገር ነው፣ እንደ ጥጃው" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ፣ ቅቤውን መደብ ላይ አስቀመጡና ማንኪያውን ተቀበሉኝ። ሳልብ አንዷ ጠብታ ስታ ጋቢው ላይ ስትወድቅ "ኧረ በማርያም! ደፋሽው እኮ!" ብለው ጮሁብኝ።