የኬንያን የባሕር ዳርቻ ታሪካዊ ስፍራዎች በቅደም ተከተል እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

የኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በነጭ አሸዋውና በመዝናኛ ሆቴሎቹ ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ ዳርቻ ላይ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ አራት ስፍራዎች ይገኛሉ፤ እነርሱም የላሙ ጥንታዊ ከተማ (2001)፣ የሚጂኬንዳ ሕዝቦች ቅዱስ ደኖች (2008)፣ የሞምባሳው ምሽግ ፎርት ጂሰስ (2011) እና የገዲ ፍርስራሽ ከተማ (2024) ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህን ስፍራዎች እንደ መንገዱ አመቺነት ብቻ መጎብኘት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚበልጠው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ሙዚየም፣ ቀጥሎ ፍርስራሽ፣ በመጨረሻም እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ጎብኚ በገዲ ደን ውስጥ ጣሪያ አልባ ሆኖ ያየውን ቤት በላሙ ጣሪያው እንዳለ፣ ቤተሰብ እየኖረበት ያገኘዋል።

ጊዜውንና ሰነዶቹን ማዘጋጀት

በዳርቻው ከባዱ ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ ስለሚዘንብ ለጉዞው የሚመረጡት ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት እንዲሁም ከሐምሌ እስከ መስከረም ያሉት ወራት ናቸው። ጉዞዎ በረመዳን ላይ የሚውል ከሆነ በላሙና በሞምባሳ ጥንታዊ ሰፈር ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ዝግ እንደሚሆኑ አስቀድመው ያስቡ።

የመግቢያ ፈቃድ ደንቦች በቅርብ ዓመታት ደጋግመው ስለተለዋወጡ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የኬንያን ኤምባሲ ይጠይቁ። ከኢትዮጵያ የሚነሱ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ይያዙ፤ ዳርቻው ወባማ ስለሆነም ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። የሙዚየሞች የመግቢያ ክፍያ እንደ ጎብኚው ዜግነት ይለያያል፤ ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች የሚጠየቁት ከአባል አገራት ዜጎች ከፍ ያለውን ዋጋ ነው።

ወደ ሞምባሳ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ወይም በናይሮቢ በኩል አድርጎ ከ2017 ጀምሮ በሚሠራው ፈጣን ባቡር መሄድ ይቻላል፤ ባቡሩ 480 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአምስትና በስድስት ሰዓት መካከል ይጨርሳል። ስለ ሰዓት አቆጣጠር አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደ እኛ ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ጀልባ ነጂው በስዋሂሊ ሁለት ሰዓት ካለዎት የእኛው የጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። የባቡርና የአውሮፕላን ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን የአውሮፓው ሰዓት ስለሆነ ሁለቱን እንዳያደባልቁ ይጠንቀቁ።

ከፎርት ጂሰስ መጀመር

ፖርቱጋሎች ይህን ምሽግ የሠሩት ከ1593 እስከ 1596 ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ከላይ ሲታይ ቅርጹ የተዘረጋ የሰው አካል ይመስላል። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ቢገቡ ፀሐዩ ሳይበረታ በግንቦቹ ላይ መዘዋወር ይችላሉ፤ ቀትር ላይ ደግሞ ወደ ሙዚየሙ ክፍሎች ይግቡ።

በግንቡ ላይ ሲቆሙ ስለ ታላቁ ከበባ ያስቡ። ኦማኖች ምሽጉን በመጋቢት 1696 ከበው እስከ ታኅሣሥ 1698 ድረስ አልለቀቁትም፤ በውስጡ የነበሩት ፖርቱጋሎችና ስዋሂሊ አጋሮቻቸው ከጥይት ይልቅ በበሽታና በረሃብ አለቁ። በሕንድ ከነበረው የፖርቱጋሎች ግዛት ከጎዋ ለእርዳታ የተላከችው ሳንቶ አንቶንዮ ደ ታና የተባለች መርከብ በ1697 ከምሽጉ ፊት ለፊት ሰጠመች፤ ከባሕሩ ሥር የወጡት ዕቃዎቿም ዛሬ በሙዚየሙ ይታያሉ። የፖርቱጋል ወታደሮች በግድግዳ ላይ የሣሏቸውን መርከቦች ሳያዩ አይውጡ፤ አገራቸው የናፈቃቸው ሰዎች የሠሯቸው ስለሆኑ ከመድፎቹ ሁሉ በላይ ልብ ይነካሉ። እንግሊዞች ከ1895 እስከ 1958 ምሽጉን እስር ቤት አድርገውት ነበር።

በሙዚየሙ ውስጥ የቻይና ሸክላዎችን፣ የተቀረጹ በሮችንና ከተለያዩ የዳርቻው ከተሞች ተቆፍረው የወጡ ዕቃዎችን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ በኋላ በገዲ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲቆሙ ክፍሉን በሐሳብዎ የሚሞሉት በእነዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ከምሽጉ አጠገብ በሚጀምረው ጥንታዊ ሰፈር በእግር ይዘዋወሩ። መስጊድ ለመግባት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ሰዎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አያንሡ።

ከሞምባሳ ሳይርቁ ራባይና ካያ ኪኖንዶ

ራባይ ከሞምባሳ በስተሰሜን ምዕራብ በኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን ብዙ የጉብኝት መርሐ ግብሮች ይዘሏታል። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ግን ሊያልፋት አይገባም። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ተቀምጦ የኦሮሞን ቋንቋ ያጠና ሰው ነው። ወደ ሸዋ መመለስ ሲከለከል በደቡብ በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር መግቢያ እፈልጋለሁ ብሎ በ1844 ሞምባሳ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሚስቱና አዲስ የተወለደች ልጁ ሞቱበት። በ1846 ከባልደረባው ዮሐንስ ሬብማን ጋር በራባይ የሚስዮን ጣቢያ መሠረተ፤ ሬብማን በ1848 የኪሊማንጃሮን በረዶ፣ ክራፕፍ ደግሞ በ1849 የኬንያን ተራራ አይተው ለአውሮፓ ያሳወቁት ከዚህ ተነሥተው ነው። በስፍራው የክራፕፍ መታሰቢያ ሙዚየም አለ፤ ለጉብኝቱ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ካያ ኪኖንዶ ከሞምባሳ በስተደቡብ በዲያኒ አጠገብ ይገኛል። ካያ ማለት የሚጂኬንዳ አባቶች በደን ውስጥ የመሠረቱት የተመሸገ መንደር ሲሆን፣ ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ደኑ የአባቶች መንፈስ ያለበት ቅዱስ ስፍራ ሆኖ ተጠብቋል። በቅርስነት የተመዘገቡት አሥር ያህል ደኖች ናቸው። የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ዙሪያው ተመንጥሮ ሳለ ዛፉ የቆመው ሰው ስለፈራውና ስላከበረው ነው። የሚገቡት ከማኅበረሰቡ አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ በመግቢያው የሚሰጥዎትን ጥቁር ጨርቅ ያገለድሙ፣ ባርኔጣ ያውልቁ፣ ቅጠልም ሆነ ድንጋይ ይዘው አይውጡ። ሌሎቹ ካያዎች ለጸሎት የተለዩ ስለሆኑ ያለ ሽማግሌዎች ፈቃድ ለመግባት አይሞክሩ።

በገዲ ቤቶቹን ማንበብ

ገዲ ከሞምባሳ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከማሊንዲ ከተማ ሳይደርሱ ይገኛል። ከተማዋ ለዘመናት በንግድ በልጽጋ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰዎቿ ጥለዋት ሄዱ፤ ምክንያቱን በተመለከተ የውኃ ጉድጓዶች መድረቅ፣ በሽታና ከውጭ የመጣ ጥቃት በምሁራን ዘንድ ይጠቀሳሉ። ከ1948 ጀምሮ ለዓመታት የቆፈራት አርኪዮሎጂስት ጄምስ ከርክማን ነበር።

በአስጎብኚ ይግቡ፤ ነገር ግን ዓይንዎን በሦስት ነገሮች ላይ ያሳርፉ። የመጀመሪያው የክፍሎቹ ጠባብነት ነው። ጣሪያው የሚያርፈው ማንግሮቭ በተባለው የባሕር ዳር ዛፍ እንጨት ላይ ስለነበር የክፍሉ ስፋት ከእንጨቱ ርዝመት ሊያልፍ አይችልም፤ ስለዚህ ክፍሎቹ ረጃጅምና ቀጫጭን ሆኑ። ሁለተኛው እንግዳ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ የሚስተናገድበት፣ በበሩ አጠገብ ያለው የድንጋይ መቀመጫ ነው። ሦስተኛው በግድግዳው ውስጥ የተሠሩት ትናንሽ የዕቃ ማስቀመጫዎች ናቸው። በተጨማሪም በሂጅራ አቆጣጠር 802 (1399) የሚለውን ዘመን የያዘውን መቃብር፣ ታላቁን መስጊድና ቤተ መንግሥቱን ይመልከቱ። ግድግዳዎቹ የተሠሩበት የኮራል ድንጋይ በቀላሉ ስለሚፈረፈር በላያቸው አይውጡ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ማሊንዲ ላይ የቫስኮ ዳ ጋማን የድንጋይ መስቀል ማየት ይቻላል። ዳ ጋማ በሚያዝያ 1498 እዚህ ደርሶ ወደ ሕንድ የመራውን መርከብ መሪ ያገኘው ከማሊንዲ ሱልጣን ነው። ለመስቀሉ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ላሙን መጨረሻ ማድረግ

ወደ ላሙ በየብስ የሚወስደው መንገድ የጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ የታየበት ስለሆነ ከማሊንዲ ወይም ከናይሮቢ ወደ ማንዳ ደሴት በአውሮፕላን ሄዶ በጀልባ መሻገር ይመረጣል፤ ከመነሣትዎ በፊትም ወቅታዊውን የጸጥታ መረጃ ያጣሩ። ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ደቡብ ሱዳንን እንዲያገናኝ በ2012 መሠረቱ የተጣለው አዲሱ ወደብ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው።

ላሙ በምሥራቅ አፍሪካ ሳይቋረጥ ሰው ከኖረባቸው የስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ ጥንታዊቱና በይበልጥ የተጠበቀችው ናት። መንገዶቿ መኪና ስለማያሳልፉ ጭነት የሚያመላልሱት አህዮች ናቸው። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደሩ። በ1821 የተጠናቀቀውን ምሽግ አይተው ወደ ስዋሂሊ ቤት ሙዚየም ሲገቡ በገዲ ያዩት ሁሉ ይጠብቅዎታል፤ ያው ጠባብ ክፍል ከነማንግሮቭ ጣሪያው፣ ያው የበር ላይ መቀመጫ፣ ያው በኖራ የተዋበ የግድግዳ ማስቀመጫ። በየዓመቱ በመውሊድ ሰሞን በሪያዳ መስጊድ ታላቅ በዓል ስለሚከበር ያን ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ ማረፊያ ከወራት በፊት ይያዙ።

ሲመለሱ ከላሙ የሚነሡ ትናንሽ አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ የሚያርፉት በናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ የአዲስ አበባው በረራ የሚነሣው ግን ከጆሞ ኬንያታ ነው። የናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ ከባድ ስለሆነ በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ ግማሽ ቀን ይተዉ።