ተዳፋት ላይ ያለ ቤት የመግቢያ ደረጃ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የመግቢያ ደረጃ ሲበላ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሲሚንቶ ገዝቶ ላዩን ማስለሰን ነው። ልስኑ አንድ ክረምት ይቆያል፤ በሁለተኛው ይነሳል። ተዳፋት ላይ በተሠራ ቤት፣ በሽሮ ሜዳም ይሁን በጎንደር ወይም በደሴ ዳገቶች፣ ደረጃን ከሰው እግር ይልቅ የሚጎዳው ከላይ ወርዶ በጎኑና በሥሩ የሚያልፈው ውሃ ነው። ስለዚህ መዶሻ ከማንሳት በፊት ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ይቀድማል። የውጭ አገር መመሪያዎች ስለ ውርጭና በረዶ ለማቅለጥ ስለሚበተን ጨው ብዙ ይላሉ። የእኛን ደጋ ከተሞች ደረጃ የሚጨርሱት ግን የክረምቱ ዝናብ፣ ውሃ የበዛበት ድብልቅ እና ከተሞላ በኋላ ውሃ ሳይጠጣ የተተወ አርማታ ናቸው።

ለምርመራው ሚስማር፣ መዶሻ፣ ውሃ ልክና ሜትር ይበቃሉ። እያንዳንዱን መርገጫ በመዶሻ ቀስ ብለው ያንኳኩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው፤ ባዶ ድምፅ ከላይ የተላቀቀ ልስን ወይም ከሥር የተቦረቦረ አፈር አለ ማለት ነው። ከዚያ የሚከተሉትን ምልክቶች ይመልከቱ።

ላዩ ይፈረፈራል፣ በሚስማር ሲፋቅ ዱቄት ይሆናል

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ሲሞላ የተፈጠረ ነው፦ ውሃ የበዛበት ድብልቅ፣ ጭቃ ያለበት አሸዋ፣ ወይም ላዩ ገና ውሃ እያቃረረ እያለ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሶ ማለስለስ። የተነሰነሰው ሲሚንቶ ቀጭን ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ሥሩ ያለው ደካማ ክፍል ይጋለጣል።

ጉዳቱ ከ2 ሳ.ሜ ካልዘለቀና የውስጡ አካል ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ማፍረስ አያስፈልግም። የላላውን ሁሉ በመሮ ያንሱ፣ በብረት ብሩሽ ይጥረጉ፣ ከአንድ ቀን በፊት ጀምረው በውሃ ያርሱት። ውሃው ላዩ ላይ ሳይተኛ ወፍራም የሲሚንቶ ቅባት በብሩሽ ይቀቡና ሳይደርቅ ቢያንስ 4 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው ደቃቅ ጠጠር የገባበት አርማታ ይደርቡ። የ1 ሳ.ሜ ልስን ውጭ ላይ አይቆይም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ሁሉንም መርገጫ በ4 ሳ.ሜ ሲያነሱ የመካከለኞቹ ከፍታ አይለወጥም፤ የመጀመሪያው ደረጃ ግን በ4 ሳ.ሜ ይጨምራል፣ በበሩ በኩል ያለው የመጨረሻ ከፍታ በ4 ሳ.ሜ ይቀንሳል። 17 ሳ.ሜ የነበረው የመጀመሪያ ደረጃ 21 ይሆናል፤ ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ነው። የታችኛውን ንጣፍም ማንሳት ካልተቻለ መደረቡን ይተዉት።

የመርገጫው ጠርዝ ይሰበራል

ጠርዙ ሹል ሆኖ ከቀረ፣ ካሳፎርማው (አርማታው የተሞላበት የጣውላ ቅርጽ) ቶሎ ከተነቀለ ወይም ጠርዙ ውስጥ ፌሮ ከሌለ ይሰበራል። ሁለት ወይም ሦስት ጠርዝ ብቻ ከሆነ የተጎዳውን በግራይንደር በቀጥታ ይቁረጡ፣ በየ20 ሳ.ሜ ባለ 10 ሚ.ሜ ቀዳዳ 8 ሳ.ሜ ያህል ይብሱ፣ አቧራውን አውጥተው ባለ 8 ሚ.ሜ ፌሮ በኤፖክሲ ማጣበቂያ ይትከሉና አርማታ ይሙሉበት። አዲሱን ጠርዝ ክብ ያድርጉት ወይም በ2 ሳ.ሜ ሰያፍ ያንሱት።

የዝገት ቀለም ይወጣል፣ አርማታው በፌሮው ርዝመት ይሰነጠቃል

ፌሮው ላይ ያለው አርማታ ቀጭን ስለሆነ ውሃ ደርሶበታል። የዛገ ብረት ስለሚያብጥ አርማታውን ከውስጥ ይገፋዋል። ልስን አይፈውሰውም። በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ፌሮው ዙሪያውን እስኪታይ ፈልፍለው፣ ዝገቱን አጽድተው መሙላት ይቻላል። በብዙ መርገጫ ላይ ከታየ መተካት ይሻላል።

ዝናብ ካቆመ በኋላ ውሃ ይተኛል፣ ወይም ወደ በሩ ይሄዳል

መርገጫው ወደ ውጭ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ በ30 ሳ.ሜ ስፋት ከ3 እስከ 6 ሚ.ሜ ይበቃል። አዲስ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ከነበረ የልክ ስህተት ነው። ድሮ ደህና ሆኖ አሁን ከጀመረ ግን ደረጃው እየዞረ ነው፤ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃው ከቤቱ ተላቅቋል፣ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ወይም ሥሩ ባዶ ነው

ከሁሉም ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። ሦስቱ ምልክቶች ብዙ ጊዜ የአንድ ችግር ገጽታዎች ናቸው። ቤቱ ጠልቆ በተቆፈረ መሠረት ላይ ተቀምጧል፤ ደረጃው ግን የቤቱ መሠረት ሲቆፈር ወጥቶ በተመለሰ፣ በደንብ ባልተጠቀጠቀ ሙሌት ላይ። ሙሌቱ ይሰምጣል፤ በተከፈተው ስንጥቅ የጣሪያና የዳገቱ ውሃ ይገባል፤ ውሃው ደቃቁን አፈር ይዞ በታችኛው በኩል ይወጣል። በታችኛው መርገጫ ጎን ከዝናብ በኋላ የተከማቸ ደቃቅ አፈር ካዩ ከደረጃው ሥር የመጣ ሊሆን ይችላል። ጥቁር አፈር ካለ ሌላ መንስኤ ይጨመራል፦ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ደረጃውንም በየዓመቱ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል።

መንቀሳቀሱ የቆመ ወይም የቀጠለ መሆኑን ለማወቅ በስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ አንድ የኮንክሪት ሚስማር ይምቱና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ከነቀኑ ይጻፉ። በየወሩ ይለኩ፤ አንድ ክረምት ማለፍ አለበት። ርቀቱ ካልተለወጠና ሥሩ ባዶ ካልሆነ ስንጥቁን ውሃ በማያስገባ የሚለጠጥ ማሸጊያ መዝጋት በቂ ነው። ከሰፋ መተካት ነው። ርቀቱ በፍጥነት ከጨመረ፣ ወይም ከደረጃው ጋር አጥሩና የድጋፍ ግንቡም ካዘመሙ፣ ጉዳዩ የደረጃ ሳይሆን የመሬት መንሸራተት ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ሳያይ ምንም አይፍረስ።

ከማፍረስ በፊት ውሃውን ያዙሩ። ከደረጃው በላይ በኩል 30 በ30 ሳ.ሜ የሆነ፣ በአንድ ሜትር 2 ሳ.ሜ የሚወርድ ቦይ በግንብ ሠርተው ውሃውን ወደ ጎን ይውሰዱ። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ይግጠሙለት፤ የመውረጃው አፍ በደረጃው አጠገብ አይሁን። ይህ ብቻ ተሠርቶ ደረጃው ለዓመታት የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ ይህ ሳይሠራ አዲስ ደረጃ መሙላት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ማፍረስ

ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ነው። የቆየ ደረጃ አንዳንዴ የዳገቱን አፈር ደግፎ ይዟል፤ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ያፍርሱ፣ የተጋለጠውን የአፈር ጎን በጣውላና በሞራሌ ይደግፉ። ከሥሩ የውሃ ቱቦ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ አስቀድመው ይወቁ። ከቤቱ ጋር የተያያዘበትን መስመር በግራይንደር ይቁረጡት፤ በመዶሻና በዲጂኖ ቢመቱት የቤቱን መሠረት ይሰነጥቃል። ንጹህ የሆነው ስብርባሪ መጠኑ ከ15 ሳ.ሜ በታች እንዲሆን ከተሰበረ ለአዲሱ መደላድል ይሆናል።

ልክ ማውጣት

ከታችኛው ያለቀ ወለል እስከ ማረፊያው (በበሩ ፊት ያለው ጠፍጣፋ ቦታ) ያለቀ ወለል ያለውን ቁመት በውሃ ልክ ይለኩ። ማረፊያው ከበሩ ደፍ 2 ሳ.ሜ ዝቅ ማለት አለበት። ሁለት ጊዜ የአንዱ ደረጃ ከፍታ ሲደመር የመርገጫው ስፋት ወደ 63 ሳ.ሜ ቢጠጋ ለእግር ይመቻል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.35 ሜትር ቢሆን 15 ሳ.ሜ ያላቸው 9 ከፍታዎች ይወጣሉ። መርገጫዎቹ 8 ናቸው፤ ዘጠነኛው ማረፊያው ራሱ ነው። ስፋታቸው 33 ሳ.ሜ ሲሆን አግድሙ 2.64 ሜትር ይይዛል። ቦታ ከጠበበ 17 ሳ.ሜ ከፍታና 29 ሳ.ሜ ስፋት ይቻላል። በከፍታዎቹ መካከል ከ5 ሚ.ሜ የበለጠ ልዩነት አይኑር። ሴራሚክ ወይም ድንጋይ የሚነጠፍ ከሆነ ውፍረቱን አሁኑኑ ይቀንሱ፤ ውጭ ላይ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ግን በዝናብ ያንሸራትታል፣ ባይነጠፍ ይመረጣል።

መሠረትና ፌሮ

የላላውን ሙሌት በሙሉ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ያውጡ። ጥቁር አፈር ከሆነ ቢያንስ 50 ሳ.ሜ ቆርጠው በገረጋንቲ ይተኩ። ገረጋንቲውን በአንድ ጊዜ አይሙሉት፤ በ15 ሳ.ሜ ንብርብር እያረጠቡ ይጠቅጥቁ። ዳገቱን በሰያፍ አይተዉት፤ በእርከን ይቁረጡት፣ ሙሌቱ እንዳይንሸራተት። በቤቱ አጠገብ ያለው የማረፊያው ክፍል ሁልጊዜ የሚሰምጠው ነውና ከሥሩ በግራና በቀኝ እስከ ጠንካራው አፈር የወረዱ 40 ሳ.ሜ ስፋት ያላቸው ሁለት የድንጋይ ግንቦች ቢቆሙ ይመከራል።

በታችኛው ጫፍ 40 ሳ.ሜ ስፋትና 60 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው የአርማታ መሠረት ይቆፈራል፤ ደረጃውን ከመንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ከእሱ እስከ ማረፊያው 15 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው ሶሌታ (ፌሮ የገባበት ጠፍጣፋ አርማታ) ይሄዳል፤ መርገጫዎቹ በላዩ ይቀመጣሉ።

ዋናው ፌሮ ባለ 10 በየ14 ሳ.ሜ፣ አግድሙ ባለ 8 በየ20 ሳ.ሜ። በእያንዳንዱ ጠርዝ አንድ ባለ 8 ይጨመር። ፌሮው ከአፈሩ በኩል 5 ሳ.ሜ፣ ከጎን 4 ሳ.ሜ ይራቅ፤ ከሲሚንቶ በተሠሩ ኩቦች ይደገፍ። በድንጋይ ወይም በእንጨት ቁራጭ አይደገፍ።

ሶሌታው ከማረፊያው ጋር በሚገናኝበት መታጠፊያ የታችኛውን ፌሮ ተከትሎ ማጠፍ ስህተት ነው። ፌሮው ሲሳብ ቀጥ ሊል ስለሚፈልግ አርማታውን ወደ ታች ይሰብረዋል። የሶሌታው ፌሮ ቀጥ ብሎ ወደ ማረፊያው የላይኛው ክፍል ይግባ፤ የማረፊያውም በተቃራኒው ወደ ሶሌታው ላይኛ ክፍል ይግባ፤ ሁለቱ ይቆራረጡ፣ እያንዳንዳቸውም ከመታጠፊያው 60 ሳ.ሜ ያህል ይለፉ።

ደረጃውንና ማረፊያውን ከቤቱ ግድግዳ ጋር በፌሮ አያያይዙ። በመካከላቸው 2 ሳ.ሜ ፎም ያስገቡና ላዩን በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዝጉ። ሁለት የተለያየ መሠረት ያላቸው አካላት ሲታሰሩ አንዱ ሌላውን ይሰነጥቃል።

ስንት ይገዛ?

ስፋቱ 1.20 ሜትር፣ ማረፊያው 1.20 በ1.20 ሜትር ሲሆን፦ ሶሌታው 0.53፣ መርገጫዎቹ 0.24፣ የታችኛው መሠረት 0.29፣ ማረፊያው 0.22 ሜትር ኩብ። ድምሩ 1.28 ነው፤ ከብክነቱ ጋር 1.4 ይሆናል። ለዚህ

– ሲሚንቶ 11 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ
– አሸዋ 0.7፣ ጠጠር 1.1 ሜትር ኩብ (ገበያው ላይ 02 የሚባለው)
– ባለ 10 ፌሮ 5 በርጋ (ሙሉ ዘንግ)፣ ባለ 8 ፌሮ 4 በርጋ (የታችኛው መሠረት ስታፋ፣ ማለትም ዋናውን ፌሮ የሚከብበው ቀለበት፣ እዚህ ውስጥ ነው)
– ጥቁር ሽቦ፣ ለካሳፎርማ 2.5 ሳ.ሜ ጣውላና ሞራሌ፣ የፕላስቲክ ሸራ፣ ጆንያ

ግንቦቹና ገረጋንቲው በቁፋሮው ጥልቀት ይወሰናሉ፤ ሳይቆፈር አይገመቱም።

አሸዋውን ሳይከፍሉ ይፈትሹ። በጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ ሞልተው በደንብ ይነቅንቁና ለ3 ሰዓት ያቆዩት። በ10 ሳ.ሜ አሸዋ ላይ የተኛው ጭቃ ከ6 ሚ.ሜ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

መሙላት

የተጠቀጠቀውን መደላድል በፕላስቲክ ሸራ ይሸፍኑ። የመርገጫ ፊት ጣውላዎችን ከታች በኩል ሰያፍ ያንሱላቸው፤ ማለስለሻው እስከ ጥጉ የሚደርሰው እንዲህ ሲሆን ነው። በመሐል ከላይ እስከ ታች አንድ ሞራሌ አስሮ ካልያዛቸው በአርማታው ክብደት ይቆለመማሉ።

ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው፤ በአካፋ ሳይሆን በሳጥን ይለካ። ውሃው ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር አይበልጥ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ወደ 20 ይውረድ። ሠራተኛው ሥራው እንዲቀለው ውሃ መጨመር ይፈልጋል፤ የሚፈረፈር ደረጃ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከታች ወደ ላይ በአንድ ቀን ሳያቋርጡ ይሙሉ፣ በፌሮ ዘንግ ወይም በቫይብሬተር በተለይ ጠርዞቹን ይውጉ። የበጋ ፀሐይና ነፋስ ላዩን ቶሎ ስለሚያደርቁት ጠዋት 1 ሰዓት መጀመር ጥሩ ነው።

ያቃረረው ውሃ እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ በእንጨት ማለስለሻ ያስተካክሉ፣ ከዚያ በመጥረጊያ በመርገጫው አግድም ይጥረጉት። ጫማ የሚይዘው ያ ሻካራ ገጽ ነው።

የእጅ መደገፊያው የሚቆምባቸውን ወፍራም የብረት ሰሌዳዎች ከነማሰሪያቸው አሁኑኑ ይቅበሩ። በኋላ ጠርዙ አጠገብ መብሳት አዲሱን አርማታ ይሰነጥቃል። መደገፊያው ከመርገጫው ጠርዝ 90 ሳ.ሜ ከፍ ይበል። የመደገፊያው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) እግር ውሃ እንዳይተኛበት ሰሌዳው ከመርገጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

የፊት ጣውላዎቹ በማግስቱ፣ የጎኖቹ ከ2 ቀን በኋላ ይነቀላሉ። በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ጆንያው እንዳይደርቅ ውሃ ያጠጡ፤ በኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ) ሲሚንቶ ቢያንስ 7 ቀን። ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ስለሚያገኝ 14 ቀን ይሰጠው። በ3ኛው ቀን ሰው በጣውላ ላይ ሊያልፍ ይችላል፤ ከባድ ዕቃ፣ የውሃ ሮቶም ይሁን ማቀዝቀዣ፣ እስከ 28ኛው ቀን አይለፍበት።