የእንግሊዝኛ ገላጭ ቃላት ሲያስቸግሩኝ ያገኘሁት መላ

ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ሳነብ ሰዋስው ብዙም አያስቸግረኝም። ፈተናዬ ሰውንና ዕቃን የሚገልጹት ቅጽሎች ነበሩ። «ስሌንደር»ም «ስክሮኒ»ም በእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላቴ ላይ ያው «ቀጭን» ናቸው። ደራሲው ሰውየውን እያደነቀው ይሁን እየናቀው በምን ይታወቃል?

መላውን ያገኘሁት ለቋንቋ ተማሪዎች ከተዘጋጀና እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ከሚፈታ መዝገበ ቃላት ነው። እኔ የምጠቀመው እንግሊዛዊው የቋንቋ መምህር ሆርንቢ የጀመረውን፣ ኦክስፎርድ በ1948 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ነው። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ፍቺው አጠገብ በቅንፍ ያለችውን ትንሽ ምልክት እንዳትዘሏት! «አፕሩቪንግ» ካለ ቃሉ ሙገሳ አለበት፤ «ዲስአፕሩቪንግ» ካለ ነቀፋ። «ስሌንደር» ሙገሳ ነው፣ «ስክሮኒ» ነቀፋ። ስለዚህ አንዱን ሸንቃጣ፣ ሌላውን ከሲታ ብዬ ያዝኳቸው። አማርኛችን ልዩነቱን ድሮም ያውቀዋል።

ድምፅም ይረዳል። «ግሊም»፣ «ግሊተር»፣ «ግሊሰን»፣ «ግሎው»... በ«ግል» የሚጀምሩ ብዙ ቃላት ከብርሃን ጋር ይያያዛሉ። «ግሊሰን» በተለይ እርጥብ ነገር ሲያብለጨልጭ ነው፤ ላብ ያወዛውን ግንባር አስቡት። ሁሌ ግን አይሠራም፣ «ግላቭ» ጓንት ነው። ለመነሻ ግምት ግን ደህና አድርጎ ያግዛል።

አሁን እንግዳ ቅጽል ሲገጥመኝ ንባቤን አላቋርጥም። በእርሳስ አሰምርበታለሁ። ምዕራፉ ሲያልቅ መዝገበ ቃላቱ ላይ ያለችውን ምልክት አይቼ፣ ከነዓረፍተ ነገሩ ደብተሬ ላይ እገለብጠዋለሁ።