የክላስ አክሽን ደብዳቤ ከደረሳችሁ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታክስ እሠራለሁ። ደንበኞቼ የደሞዝ ወረቀታቸውን ሲያመጡልኝ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ ፖስታ የሞላ ፌስታል አብሮ ይመጣል። «ልጄ፣ እስቲ ይሄን እዪልኝ፣ ጀንኩን ጣይው» ይሉኛል እናቶች። ሳላይ የምጥለው ግን የለም። ከፒዛ ኩፖኑና ከክሬዲት ካርድ ማስታወቂያው መሃል የክላስ አክሽን፣ ማለትም የቡድን ክስ፣ ካርድ ይወጣል። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ወገኖቼ ፖስታ ባለመክፈት ብቻ መብታቸውን ሲያጡ ማየት ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኩባንያ ብዙ ሰው ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። የእያንዳንዱ ሰው ኪሳራ ለብቻው ጠበቃ ለማቆም አያበቃም። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች በሁሉም ስም ይከሳሉ። ዳኛው ክሱ በቡድን እንዲሄድ ከፈቀደ እናንተም ሳትጠየቁ ገብታችኋል። አብዛኛው ክስ በስምምነት ያልቃል፤ ካርዱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። በ2017 ኢኩፋክስ ከተባለው የክሬዲት ድርጅት የ147 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ሲሰረቅ፣ እዚህ አገር ክሬዲት ካርድ ያለን ብዙዎቻችን ሳናውቀው ከተጎጂዎቹ መሃል ነበርን።

ካርዱን ስታነቡ መጀመሪያ «ይህ ማስታወቂያ በፍርድ ቤት የተፈቀደ ነው፤ የጠበቃ ማስታወቂያ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ቀጥሎ የፍርድ ቤቱን ስምና የክሱን ቁጥር። ከዚያ የእናንተን መለያ ቁጥር፤ ብዙ ጊዜ ከስማችሁ አጠገብ በጣም በትንንሹ ይጻፋል፣ እሱ ካለ ፎርሙ ይቀላል። በመጨረሻ ቀኖቹን። የመጠየቂያው፣ የመውጫው እና የመቃወሚያው ቀን ሊለያዩ ስለሚችሉ ሦስቱንም ክበቡባቸው።

ምርጫችሁ አራት ነው። ፎርም ሞልቶ ካሳ መጠየቅ አንዱ ነው። ሁለተኛው ከቡድኑ መውጣት ነው፤ ገንዘቡ ይቀርባችኋል፣ ግን ለብቻችሁ መክሰስ ትችላላችሁ። ጉዳታችሁ በሺዎች የሚቆጠር ካልሆነ ይሄኛው ብዙም አያዋጣም፤ ከሆነ ግን ቀኑ ሳያልፍ ጠበቃ አማክሩ። ሦስተኛው ቡድኑ ውስጥ ሆናችሁ ስምምነቱ አይበቃም ብላችሁ ለዳኛው መጻፍ ነው። አራተኛው ዝም ማለት ነው፣ ሰው ሁሉ የሚመርጠውም እሱን ነው። ዝም ስትሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡም ይቀራል፣ ኩባንያውን በዚያ ጉዳይ የመክሰስ መብታችሁም ይሄዳል። አንዳንዱ ስምምነት ያለ ፎርም ቼክ ይልካል፤ እንደዚያ ከሆነ ደብዳቤው በግልጽ ይናገራል።

የደሞዝ ክስ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በፌዴራሉ የደሞዝና የኦቨርታይም ሕግ የሚቀርብ የጋራ ክስ ውስጥ ማንም በራሱ አይገባም። «እስማማለሁ» የሚለውን ወረቀት ፈርማችሁ መላክ አለባችሁ። ዝም ካላችሁ ውጭ ናችሁ። የባሰው ደግሞ ሰዓቱ ነው። ሕጉ ወደ ኋላ ሄዶ ያልተከፈለውን የሚያስጠይቀው 2 ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ያደረገው ከሆነ 3 ዓመት ነው። የሥራ ባልደረባችሁ ቀድሞ ስለከሰሰ የእናንተ ሰዓት አይቆምም። የሚቆመው የእናንተ ፊርማ ፍርድ ቤት በገባበት ቀን ነው። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር የድሮው ኦቨርታይም እየተበላ ይሄዳል።

ፓርኪንግ የሚሠሩ አንድ አባት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘውልኝ መጥተው ነበር። «አለቃዬ ስሜን ካየው ያባርረኛል» አሉኝ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፣ ቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ሰው አለ። ግን በደሞዝ ክስ ስለገባ ሰውን ማባረር ወይም ሰዓት መቀነስ ሕጉ ይከለክላል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለውም ሠራተኛ ለሠራበት ሰዓት ይኸው ሕግ ይሠራለታል። «ጋሼ፣ ከመፈረምዎ በፊት ወረቀቱ ላይ ያሉትን ጠበቆች ደውለው ያነጋግሩ፤ ገንዘብ አይጠይቁዎትም» አልኳቸው። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው። አንዳንዴ የፌዴራሉና የስቴቱ ክስ በአንድ ደብዳቤ ተጣምረው ይመጣሉ፤ ያኔ ለሁለቱ የሚደረገው ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱንም ክፍል አንብቡ።

አጭበርባሪውም አልተኛም። እውነተኛ ክስ ካሳ ለመስጠት ገንዘብ አያስከፍልም፣ የባንክ ፓስወርድም አይጠይቅም። በኢሜይል ከመጣ ሊንኩን አትንኩ፤ የክሱን ስምና ቁጥር ራሳችሁ ፈልጉ። ፔሰር በሚባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ ላይም ይገኛል። ኤፒክ ወይም ክሮል የሚል የማታውቁት ስም ስላያችሁ ብቻ ግን አትጣሉት፤ እነሱ ፎርም የሚሰበስቡና ክፍያ የሚልኩ ድርጅቶች ናቸው።

ፎርሙን ስትሞሉ ቀላሏን ሳጥን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። የኢኩፋክስ ክስ በስምምነት ያለቀ ጊዜ ሰው ሁሉ 125 ዶላር የምትለዋ ላይ ተረባረበ። ለዚያ የተመደበው 31 ሚሊዮን ዶላር ስለነበር ሙሉውን ለመክፈል የሚበቃው ለ248 ሺህ ሰው ብቻ ነበር፤ ጠያቂው ሲበዛ ድርሻው አነሰ። እዚያው ፎርም ላይ ግን መረጃቸው በመሰረቁ ገንዘብ ላወጡ በማስረጃ እስከ 20 ሺህ ዶላር፣ ባንክና ክሬዲት ድርጅት ጋ ሲመላለሱ ለባከነ ጊዜ ደግሞ በሰዓት 25 ዶላር የሚጠየቅበት ቦታ ነበር። ስለዚህ ደረሰኝ፣ የባንክ ወረቀት፣ ኢሜይል ሰብስቡ። ያልደረሰባችሁን ግን አትጻፉ። የምትፈርሙት በሐሰት ምስክርነት ሊያስጠይቅ በሚችል ቃል ነው። ሞልታችሁ ስትጨርሱ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን አሳውቁ፤ ስንት ቼክ በአሮጌ አድራሻ ሄዶ ይቀራል!

ከዚያ መጠበቅ ነው። ዳኛው ስምምነቱን መርምሮ ማጽደቅ አለበት፤ የጠበቆቹ ክፍያ፣ ብዙ ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው፣ በእሱ ፈቃድ ከጠቅላላው ላይ ይነሳል። ይግባኝ ካለ ደግሞ ይጎተታል። የፌስቡክን የ725 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አስታውሱ፤ ፎርም ማስገቢያው ያበቃው በነሐሴ ወር 2023 ሲሆን ክፍያው የተጀመረው በ2025 ነው። ስለዚህ አልመጣም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ በተሰጣችሁ ድረ ገጽ ላይ እየገባችሁ እዩት።

ቼኩ ሲመጣ ቶሎ ባንክ አስገቡት፤ ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቃጠላሉ። ከደሞዝ ክስ የመጣ ከሆነ የተወሰነው እንደ ደሞዝ ታክስ ተቆርጦበት፣ የቀረው ሳይቆረጥበት ሊመጣ ይችላል። አብረው የሚላኩትን ወረቀቶች ከቼኩ ጋር አትጣሉ፤ ታክስ ስታሠሩ ይዛችኋቸው ኑ።